ቅሬታ የላቸውም

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል፤ ፈሪ ቀዶ ሐኪም ሲባል ሰው ይስቃል፣ እኔም በሌላ ሰው ቢሆን እስቅ ነበር። አራተኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት ነኝ። ሐኪምነቱን ጨርሼ፣ ሰው መቅደዱንና መስፋቱን በመማር ላይ ነኝ ማለት ነው። ቢላ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ ላቡ ግን በብብቴ ይወርዳል። ይህን ጉድ የሚያውቅብኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የሆስፒታሉ ልብስ አጣቢ።

እትዬ እንላቸዋለን። ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ክፍል ብቻ ይመስለኛል። ምድር ቤት ካለው የእጥበት ክፍል ሆነው የእኛን አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ልብስ ሲያጥቡ፣ ሲተኩሱ፣ በየስማችን መደርደሪያ ላይ ሲደረድሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ማን ብዙ ደም እንዳፈሰሰ፣ ማን ተረጋግቶ እንደሠራ ከልብሱ ያነባሉ። አንድ ቀን ልብሴን ሲሰጡኝ ጠጋ ብለው፣ «ያንቺ ደም የለበትም፤ ብብቱ ግን ጨው ሠርቷል። ምን ያስፈራሻል ልጄ?» አሉኝ።

«ሁሉም ነገር» አልኳቸው።

ሳቁ። «እንግዲያው ጎበዝ ነሽ። እኔን በደም የሚያደክመኝ የማይፈራው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልብሴን ከሁሉም አስቀድመው ይተኩሱልኝ ጀመር። ወዳጅነታችን ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አልነበረም።

እኚህ ሴት ናቸው ሆዳቸውን ይዘው የመጡት። ትልቁ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ደግነቱ ገና አልተሰራጨም ነበር። የታመመውን ክፍል ቆርጦ ማውጣት፣ የቀሩትን ሁለት ጫፎች መልሶ መግጠም ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። የገጠሙት ስፌት ካልያዘ ግን አንጀት ውስጥ ያለው ቆሻሻ ወደ ሆድ ዕቃ ይፈሳል። አፈሰሰ እንላለን። በጎበዝም እጅ ይደርሳል። ቶሎ ከተደረሰበት ይታጠባል፣ ይስተካከላል፣ ሰው ይድናል። ካልተደረሰበት ሰው ይሞታል።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛው ላይ ተኝተው ሳለ ፕሮፌሰሩ እጃቸውን ታጥበው ገቡና፣ «ዛሬ አንጀቱን የምትገጥሚው አንቺ ነሽ» አሉኝ። ከዚህ በፊት እሳቸው ሲገጥሙ ክር ከመቁረጥ አልፌ አላውቅም። ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ፣ «ካፈሰሰ ግን ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ሙያ ትፈልጊያለሽ» አሉና ሳቁ። ሰመመን ሰጪው ሳቀ፣ ነርሷ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። ፕሮፌሰር ቀልዶ የማይስቅ ሬዚደንት አልተፈጠረም። እትዬ ገና ሰመመኑ አልተሰጣቸውም ነበር፤ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ማናችንም ወደ እሳቸው አላየንም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ፕሮፌሰሩ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ይሁን» አሉ። ከእሳቸው አፍ «ይሁን» ከወጣ ሽልማት ነው።

አርብ ጠዋት፣ ሕሙማንን ዞረን ካየን በኋላ፣ ካርድ ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። መመረቂያ ጥናቴን የምሠራው እዚያ ነው፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አቧራ ከጠጡ ፋይሎች መካከል። ሆስፒታላችን የአንጀት ሕሙማንን የሚያስተኛው በሁለት ፎቅ ነው። ላይኛው ፎቅ ከፍለው ለሚታከሙ ነው፤ የሚቀዷቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው፣ አልጋቸው አጠገብ የጥሪ ደወል አለ። ታችኛው ፎቅ ለቀረው ሕዝብ ነው፤ ሃያ ሁለት አልጋ፣ አንዲት ነርስ፣ እኛ ተማሪዎቹ። ጥናቴ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ ስፌት ሲያፈስ ላይኛው ፎቅ የተኛው ይድናል፤ ታችኛው ፎቅ የተኛው ለምን ይሞታል?

መልሱን ሁሉም የሚያውቀው ይመስለው ነበር። ታች የሚሰፉት ተማሪዎች ስለሆኑ ነዋ! እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው፤ ስለዚህ የገዛ ጥናቴን እፈራው ነበር። እያንዳንዱን ፋይል ስከፍት የእኛን እጅ ጥፋት አገኛለሁ ብዬ እጠብቃለሁ።

የሦስት ዓመቱን ቆጥሬ የጨረስኩት ያን ቀን ነው። ላይኛው ፎቅ ከመቶ ሰው ሰባቱ አፍስሰዋል፤ ታችኛው ፎቅ ስምንቱ። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። እጃችን ያን ያህል አይከፋም! ካርድ ክፍል ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ልወርድ ምንም አልቀረኝም። ከዚያ ሰዓቱን አሰላሁ። የልብ ምት መፍጠን ከጀመረበት እስከ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን፣ ላይኛው ፎቅ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም። ታችኛው ፎቅ ሦስት ቀን ነው።

ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስንሠራ ነበር? ሐኪም የጻፈውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ። የላይኞቹ ፋይል ወፍራም ነው፦ ትከሻዬን አመመኝ ብለዋል፣ ሆዴ ተነፋ ብለዋል፣ ትራሱ ጎረበጠኝ ብለዋል፣ የሐኪሙ አነጋገር አልጣመኝም ብለዋል። የታችኞቹ ፋይል ቀጭን ነው። «ደህና አድረዋል። ቅሬታ የላቸውም።» በማግስቱም፣ «ደህና አድረዋል። ቅሬታ የላቸውም።» አጠገቡ በነርሷ እጅ የልብ ምት ተጽፏል፦ ዘጠና ስድስት፣ መቶ ስምንት፣ መቶ ሃያ። ከጎኑ በሐኪም እጅ፣ «ቅሬታ የላቸውም።» ከዚያ በኋላ ገጹ ባዶ ነው።

ከእነዚህ ሕሙማን አንዱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ጽሑፉን ሳየው ቀዘቀዝኩ፤ የእኔ ጽሑፍ ነው። ሰውየውንም አስታወስኳቸው። አሥር ሆነን፣ ነጭ ለብሰን፣ እግርጌያቸው ቆመን «ደህና አደሩ አባባ?» አልኳቸው። «ደህና፣ ተመስገን» አሉ። ታዲያ ሰው ለሰላምታ ምን ብሎ ይመልሳል? እኔ ሰላምታቸውን እንደ ምርመራ ውጤት መዝግቤ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍኩ። ሦስት ጠዋት እንደዚያ አደረግኩ። በሰባተኛው ቀን ሞቱ። በስብሰባ ላይ «ስፌቱ አልያዘላቸውም» ተባለ፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ ነበር።

ፋይሉን እንደያዝኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለት ሰዓት በፊት የእትዬን ካርድ ሞልቻለሁ። ምን ብዬ እንደጻፍኩ ለማስታወስ ማሰብ እንኳ አላስፈለገኝም።

ሊፍቱን አልጠበቅኩም። ደረጃውን ስወርድ አንድ አስታማሚ ገጭቼ ይቅርታ ሳልል አለፍኩ። በልቤ እባክህ፣ እባክህ እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል የሚለው ተረት ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል፤ ይህን ተረት የፈጠረውን ሰው ባገኘው በጥፊ እለው ነበር።

እትዬ አሥራ አራት ቁጥር አልጋ ላይ ናቸው። ፀጉራቸውን አበጥረዋል፣ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ተተኮሰ ልብስ አስተካክለው እጃቸውን ላዩ ላይ አኑረዋል። ከሩቅ ለሚያያቸው ነገ የሚወጡ ሰው ይመስላሉ። የልብ ምት ሰንጠረዡን አነሳሁ፦ ሰማንያ ስምንት፣ ዘጠና ስድስት፣ መቶ አራት፣ መቶ አሥራ ስድስት። ጠዋት አይቼው ነበር። «ከድካም ይሆናል» ብዬ ነው ያለፍኩት።

«እትዬ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። አንቺ ምነው አለከለክሽ? ቁርስ በልተሻል?»

ከንፈራቸው ደርቋል። ሆዳቸውን ነካ ሳደርገው ጠንክሯል። ፈገግ አሉ፤ ላይኛው ከንፈራቸው ላይ ግን ላብ ችፍ አለ።

«ያመዎታል?»

«ኧረ ምንም አይል። የተቀደደ ሆድ ትንሽ ሳይል ይቀራል?»

ኮሪደሩ ላይ ዋና ሬዚደንታችንን አገኘሁት። «ነገ» ነው የምንለው፤ ምንም ብትጠይቀው «ነገ እንየው» ስለሚል። የሆነውን ነገርኩት። ካርዱን ተመለከተና፣ «ቅሬታ የላትም ብለሽ ራስሽ ጽፈሻል እኮ» አለኝ።

«ተሳስቼ ነው። ሲቲ ስካን ይነሳላቸው።»

«ለታችኛው ፎቅ ተራው ማክሰኞ ነው፤ ታውቂያለሽ።»

«እስከ ማክሰኞ ይሞታሉ!»

«ቀስ በይ እንጂ። ፕሮፌሰሩ ላይኛው ፎቅ ኦፕራሲዮን እየሠሩ ናቸው። ሆዷን ከፍታችሁ ምንም ከሌለ መሳቂያ ትሆኛለሽ። አፍስሶ ከተገኘ ደግሞ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የመጀመሪያ ስፌትሽ ነው፣ ፈተናሽ በሚቀጥለው ወር ነው። ነገ ጠዋት ደግመን እንያት።»

እውነቱን ልናገር፤ ምክሩ ጣመኝ። የልብ ምቱ ነገ ሊወርድ ይችላል፣ ነገ ቅዳሜ ነው፣ ቅዳሜ ተረኛው ሌላ ሰው ነው። ፍርሃቴ የእትዬ መሞት ብቻ አልነበረም፤ ሻንጣዬም ነበር። ሁለቱን ፍርሃቶች አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ሳያቸው የትኛው እንደሚበልጥ ለአንድ አፍታ አላወቅኩም። በዚህ አሁንም አፍራለሁ።

ተመለስኩ። መጋረጃውን ሳብኩና እንደ ሐኪም ከመቆም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ደህና ነዎት ወይ ብዬ ብጠይቅ መልሱን አውቀዋለሁ። ስለዚህ፣ «እትዬ፣ አሁን ምድር ቤት ወርደው አንድ እርጥብ አንሶላ ይጭመቁ ብልዎ ይችላሉ?» አልኳቸው።

ሊስቁ ሲሉ ፊታቸው ተጨማደደ። «በየትኛው ትከሻዬ?»

«ትከሻዎን ምን ሆኑ?»

ዓይናቸውን አዞሩብኝ። ሆድ ውስጥ ሲፈስ ሕመሙ ትከሻ ላይ ሊወጣ እንደሚችል አውቃለሁ።

«እትዬ! ትከሻዎን ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ድሮም የአንሶላ ትከሻ ነው፣ ተይው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት ወዲያ። በግራ በኩል ይወጋኛል። ስተነፍስ ደግሞ ሆዴን...» እጄን ጨብጠው ያዙኝ፤ እጃቸው ይፋጃል። «ዝም በይ፣ አትጩሂ። እሳቸው እንዳይሰሙ።»

«ማን?»

«ፕሮፌሰሩ ናቸዋ። ካፈሰሰ ሻንጣሽን አዘጋጂ አላሉሽም? ጠረጴዛው ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። እናንተ ሰው ጋደም ካለ የሞተ ይመስላችኋል።» ትንሽ አረፉ። ለመናገር ትንፋሽ ያጥራቸው ነበር። «ያ ባለ መነጽሩ ልጅ ትዝ ይልሻል? አጠፋ ተብሎ ሲባረር ልብሱን እንኳ ሳይወስድ ነው የሄደው። አጥቤ ተኩሼ አስቀመጥኩለት፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ መደርደሪያው ላይ ነው። ያንቺንም እንደዚያ ላስቀምጥ? ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው። ፈተናሽ እስኪያልፍ ልቻለው ብዬ ነው።»

ፈተናዬ የሚደርሰው ከሃያ ስድስት ቀን በኋላ ነበር። እሳቸው ሃያ ስድስት ሰዓት እንኳ አልነበራቸውም።

ልቆጣቸው ፈለግኩ። ላቅፋቸውም ፈለግኩ። ከሁለቱ አንዱንም ሳላደርግ ተነሳሁ። እኔን ከአንድ ቀልድ ለማዳን ብለው ሦስት ቀን እየሞቱ ነበር። እኔ ደግሞ ሦስት ጠዋት እግርጌያቸው ቆሜ ቅሬታ የላቸውም ብዬ ጽፌያለሁ።

ላይኛው ፎቅ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ጭምብሌን አስሬ ቆምኩ። ፕሮፌሰሩ የመጨረሻዎቹን የቆዳ ስፌቶች እየሰፉ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ የአሥራ አራት ቁጥር ታካሚ ስፌት አፍስሷል።»

ቀና አላሉም። «ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ሲቲ አለ?»

«የለም። ተራቸው ማክሰኞ ነው።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ? ጠዋት ቅሬታ የላትም ተብሎ ተነግሮኛል።»

«ቅሬታ አላቸው። ትከሻቸውን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ይወጋቸዋል። የልብ ምታቸው መቶ አሥራ ስድስት ነው። ያልተናገሩት...» እዚህ ላይ ፈራሁ፤ ግን ከአፌ ወጥቶ ነበር። «ያልተናገሩት እርስዎ እንዳያባርሩኝ ብለው ነው። ሰኞ የቀለዱትን ሰምተዋል።»

መርፌው በአየር ላይ ቆመ። ነርሷ ወለሉን ታያለች። አለቀልኝ፣ ልብሴን ለእትዬ መደርደሪያ ትቼ መሄዴ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ደግሞ እትዬ ከሌሉ ማን ይተኩሰዋል ብዬ አሰብኩ። በጭንቅ ሰዓት የሰው ሐሳብ የት እንደሚሄድ አይታወቅም።

«የሚቀጥለው ታካሚ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «እሷን አምጧት። ወደዚህ፣ ወደ ላይ። አንቺም ታጠቢ፤ የሰፋሽውን አንቺ ትፈቺዋለሽ።»

ሆዳቸው ሲከፈት ሽታው ቀድሞ ነገረን። ከስፌቱ ጀርባ በኩል፣ የጥፍር ያህል ክፍተት ነበር። ደም ግፊታቸው መውረድ ጀመረ። ሰመመን ሰጪው ቁጥሩን ጮክ እያለ ይጠራል፣ እያንዳንዱ ቁጥር ከፊተኛው ያንሳል፤ እኔ በለብ ያለ ውሃ አጥባለሁ። አሁን ካለፉብኝ ይህን ክፍል ለቅቄ እወጣለሁ፣ ማንም ሳያባርረኝ እወጣለሁ እላለሁ። የአንጀቱን ጫፍ በሆድ ቆዳ በኩል አውጥተን ከረጢት አደረግንበት፤ ሲያገግሙ የሚመለስ ነው። ቁጥሩ መውረዱን አቆመ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ላይ መለስ አለ። ፕሮፌሰሩ ስንጨርስ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ «ይህ ክፍተት በእኔም እጅ ይደርስ ነበር» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። «ሦስቱ ቀን ግን አይደርስም ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነበሩ። የመተንፈሻ ቱቦው ከጉሮሯቸው ወጥቷል። የልብ ምታቸው መስኮቱ አጠገብ ባለው ማሳያ ላይ መቶ አሥራ ሁለት ይላል፤ ገና አልዳኑም፣ ገና ምንም የተረጋገጠ ነገር የለም። ፕሮፌሰሩ፣ «ነገ» እና እኔ እግርጌያቸው ቆምን።

«እትዬ፣ ደህና አደሩ?» አሉ ፕሮፌሰሩ። ድምፃቸው ከወትሮው የለሰለሰ ነበር።

እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። ፕሮፌሰሩን አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። ግንባራቸው ተቋጥሯል፣ ጣታቸው አንሶላውን ጨምድዶ ይዟል።

«ደህና» አሉ። «ተመስገን።»

«ነገ» ካርዱን ከፍቶ መጻፍ ጀመረ። የብዕሩን ድምፅ ስሰማ ትናንት ካርድ ክፍል የተሰማኝ ብርድ እንደገና ጀርባዬን ወረሰው።

«ፕሮፌሰር፣» አልኩ፣ «እባክዎ አንዴ ይውጡልን።»

«ነገ» አፉን ከፍቶ ቀረ። በዚያ ሆስፒታል ፕሮፌሰርን ውጡ ያለ ሬዚደንት አልሰማሁም፤ ቢኖርም አሁን የለም። ፕሮፌሰሩ አዩኝ፣ አንሶላውን የጨበጡትን ጣቶች አዩ፣ ከዚያ «ነገ»ን በክርኑ ይዘውት ወጡ። በሩ ተዘጋ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሄዱ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሄደዋል።»

«አላባረሩሽም?»

«እስካሁን አላባረሩኝም።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ያመኛል ልጄ» አሉ። «በጣም ነው የሚያመኝ።»

ላቡ በብብቴ እየወረደ ብዕሬን አወጣሁ። «የቱ ጋ?» አልኳቸው። መናገር ጀመሩ፤ እኔም መጻፍ ጀመርኩ።